የስንቄ ዱባ

ጤናዬ ትኩሱን ዱባ በግራ እጇ ይዛ ሆዱን በማንኪያ ትፈቀፍቃለች። ጣቷን ሲለበልባት ወደ ቀኝ እጇ ታዛውረዋለች እንጂ እስኪበርድ አልጠበቀችም፤ ጊዜ የላትም። ዛሬ የእናቷ የስንቄ ሣልስት ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ለጸሎቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እሷ «ራሴን አዞረኝ፣ መቆም አቃተኝ» ብላ ቀርታለች። ውሸቷን ነው።

ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም። የሞተበት ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ጎረቤትና እድርተኛ አብስሎ ያመጣል፤ ደባርቅ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ጤናዬም አላጣችውም። ቢሆንም ከጓሮው ኩሽና ገብታ፣ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ጭስ እንዳያሳብቅባት ከሰል ብቻ አያይዛ ሥራዋን ይዛለች።

ዱባ መባሉ ለስሙ ያህል ነው። አረንጓዴ ነው፣ የተጨበጠ እጅ ያክላል፣ ውስጡ አንዲት ፍሬ ብቻ አለችው፣ ሐረጉ ጣራ ላይ ይወጣል። አባቷ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ፣ ጆንያ ውስጥ ተረስቶ የበቀለ አንድ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ይዞት መጣ። «በደባርቅ ብርድ ይኼ አይሆንም» ሲሏት ስንቄ ሙቀት ከሚደርሰው ከኩሽናው ግድግዳ ሥር ተከለችው፤ ውርጭ ሲመጣ ጆንያ ታለብሰው ነበር። በቀለላት። ባሏ ሊማሊሞ ላይ ከነመኪናው ገደል ሲገባ እሷና ልጇ፣ ዱባውም ቀሩ። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ሰፈሩ «የስንቄ ዱባ» አለው።

አሠራሩንም ያወጣችው ራሷ ናት። ተቀቅሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ልጡ ሳይቀደድ ሆዱ ይፈቀፈቃል። የወጣው ከሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ ከአይብና ከተነጠረ ቅቤ ጋር ታሽቶ መልሶ ይሞላበታል፤ ከላዩ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነሳል። ከዚያ ሰፊ የሸክላ ድስት ውስጥ ይደረደርና ብረት ተከድኖበት እንደ ዳቦ ከታችም ከላይም እሳት ይደረግበታል።

«ከላዩ ሳይቀላ እንዳታወጪው» ትላት ነበር እናቷ። «ከቸኮልሽ ውሃ ነው የምታበያቸው።»

«ማንን ነው የማበላው፣ እማ?» ብላት ነበር አንድ ቀን። ስንቄ ክዳኑ ላይ ፍም ጨመረች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሰማንያ ስምንት ክረምት ደባርቅን ኩፍኝ ገባባት። የእትዬ ባንቻየሁ የአምስት ዓመት ልጅ፣ አለምነህ፣ ስንቄ ቤት ሲጫወት ውሎ ግማሽ ዱባ በላ። ያኑ ዕለት አተኮሰው፤ በሳምንቱ ሞተ። በዚያ ክረምት ከዚያው ሰፈር ስድስት ልጅ ተቀብሯል፤ አምስቱ ዱባውን ቀምሰውት አያውቁም። ባንቻየሁ ግን ደረቷን እየደቃች «ስንቄ ናት የበላችብኝ! በዓይኗ ናት የበላችው!» አለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ለቀስተኛው ሰምቶ ወደየቤቱ ገባ፤ በማግስቱ ስንቄ ቡዳ ሆና አደረች።

ማንም ፊት ለፊት አልሰደባትም። ሰላምታም አልነሷትም። እጇ የነካውን ብቻ አይበሉም። ለማኅበር የወሰደችው እንጀራ እንደታሰረ ይመለሳል፤ ሰርግ ቤት ሽንኩርት ልላጥ ብትል «ተይው፣ አረፍ በይ» ይሏታል። ዱባዋን ግን አልጠሉትም! ፍሬውን እየወሰዱ በየጓሯቸው ተክለው፣ አሠራሯን ቀድተው፣ ስሙን «የእድር ዱባ» አሉት። ባንቻየሁ ሳትቀር «ዱባው ምን አደረገ፣ ጥፋቱ የዓይኗ ነው» እያለች ትበላለች። ቡዳ በዘር ይወርዳል ይባላልና ለጤናዬም ተርፏታል። የዳባቱ ደምለው ሽማግሌ ልኮላት ነበር። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ወሬውን ሰሙ፤ የተቀዳላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ተነሡ።

ይኸው ስንቄን ሳንባዋን ቀስፎ ይዟት በአራት ቀን ሞተች። ዘጠኝ ዓመት ከእጇ ያልቀመሱ ሰዎች ስትሞት ድንኳን ተከሉላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ጤናዬ አልረሳችም።

መርዝ አስባ ነበር፣ ምን ይደበቃል። ኋላ ተወችው። ባንቻየሁ ብትሞትማ ሐሜቱ እውነት ሆኖ ይቀራል። ጤናዬ የፈለገችው ባንቻየሁ ከእጇ እንድትበላ ነው፤ በልታም እንድትኖር።

ዱባው ሲቀላ ጎረቤቷ ስጦታ በጓሮ በር ገባች። የእድሩን ወጥ የሠራችው እሷ ናት።

«አንቺ ልጅ! እናትሽ አፈር ሳትለምድ እሳት አነደድሽ?»

«አነደድኩ። ይኼን ከእድሩ ምግብ ጋር ይዘሽልኝ ግቢ፣ እት ስጦታ። ማን ሠራው ቢሉሽ ዝም በይ።»

ስጦታ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየች። ድስቱን አየች፣ ልጅቱን አየች።

«ባንቻየሁን ፈልገሽ ነው አይደል?»

«እሷን።»

«ነግ በእኔ ነው፤ ኋላ የእኔንም እጅ አይቀምሱልኝ» አለች ስጦታ። ድስቱን ግን አነሣችው።

ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑን ሞላው። መምሬ ሀብተ ሚካኤል ማዕዱን ባረኩ። ባንቻየሁ የእድሩ ሴቶች አለቃ ናትና ከፊት ተቀምጣለች። ጤናዬ ከፍራሿ ላይ ሆና፣ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ፣ የባንቻየሁን እጅ ብቻ ትከተላለች። ባንቻየሁ አንዱን ግማሽ ጎረሰችው። ልጡን ሳይቀር ጠርጋ ሁለተኛውን አነሣች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

«ዛሬስ ማን ነው የሠራው?» አለች ባንቻየሁ አፏን እየጠረገች። «የወትሮው ውሃ ውሃ ነው የሚለው። የሠራችው እጇ ይባረክ!»

«አሜን» አለች ጤናዬ፣ ተነሥታ ቆመች። «የእኔ እጅ ነው፣ እትዬ ባንቻየሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ የሚያኝክ ሰው ጠፋ።

«የስንቄ ልጅ እጅ። በሣልስቷ እሳት አንድጄ የሠራሁት ነው፤ ለነውሬ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁለቱንም በልተዋል። ዛሬ ሐሙስ ነው። እስከ ፊታችን ሐሙስ ሰፈሩ ይጠብቅልኝ። ቢታመሙ የትም አልሄድም፣ ወግራችሁ ግደሉኝ። ካልታመሙ ግን እናቴን ከሰው ያወጧት በሐሰት ነው፤ እዚሁ፣ ስሟን ባጠፉበት ሰው ፊት፣ ስሟን ይመልሱልኝ።»

«በስመ አብ!» አለች አንዷ ከኋላ። የባንቻየሁ እጅ ሳታዝዘው ሆዷ ላይ ሄደ። ሰው ሁሉ አያት። ዘጠኝ ዓመት ስንቄን እንዳዩዋት አድርገው አዩዋት፤ ጤናዬም ይህን ለእናቷ በደንብ አየችላት። መምሬ ሀብተ ሚካኤል ጎንበስ ብለው ከድስቱ አንዱን አነሡና ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩት።

«ታዲያ…» አለች ባንቻየሁ። ድምፅዋ የለቅሶ ቤት አለቃ ድምፅ አልነበረም። «ታዲያ ልጄን ማን በላው?»

ጤናዬ ለዚህ መልሱን ስታዘጋጅ ዓመታት ኖራለች።

«ኩፍኝ ነው፣ እትዬ። ያን ጊዜም ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለች ባንቻየሁ። «አውቅ ነበር፣ ልጄ። ኩፍኝ ግን ደጃፍ የለው፣ ሄጄ አልጮህበት። እናትሽ ደጃፍ ነበራት። እኔ ነኝ የበደልኳት። ቡዳ አልነበረችም። ሰው ይስማኝ፣ ቡዳ አልነበረችም!»

ሰው ሰማት። ሴቶቹ እርስ በርስ ሳይተያዩ እጃቸውን ወደ ድስቱ ሰደዱ፤ ዱባው ወዲያው አለቀ። ጤናዬ ለባንቻየሁ አልራራችላትም። ደስ ነው ያላት፣ ክፉኛ ደስ አላት። ሮጣ ልትነግራት የምትፈልጋት አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም የለችም።

ባንቻየሁ ቅቤ የነካ እጇን አየር ላይ እንደያዘች ተቀምጣለች። ማንም የሚያስታጥባት አልተነሣም። ጤናዬ ጆጉንና ሳፋውን አንሥታ ፊቷ በርከክ አለች።

«ይታጠቡ» አለቻት።

ባንቻየሁ እጇን ዘረጋች። ጤናዬ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቅቤው እስኪለቅ። ውሃው አለቀ። ጤናዬ ግን ጆጉን አላቀናችውም። ባዶውን እንዳዘነበለች ቆየች፣ ባንቻየሁም እጇን ከሥሩ አላነሣችም።