የቡና ማሽኗ ቀይ ካርድ

ሐሙስ ሐሙስ መርቪን በርኒ ከተማ ካለው የቤተ ክርስቲያኑ ያገለገሉ ዕቃዎች ሱቅ ጓዳ ይውላል። ሰው የለገሳቸውን የዳቦ መጥበሻዎች፣ የፀጉር ማድረቂያዎችና የራስጌ መብራቶች አንድ በአንድ ሰክቶ ይፈትሻል። ጤነኛው ያልፋል፤ የተበላሸው ገመዱ ተቆርጦ ይጣላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የወረቀት ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ከሙያው የተረፈችው ይህች ጠረጴዛ ናት። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው ብሎታል። ስለዚህ አሁን እሱ ይፈትሻል፤ ትንንሾቹን ተለጣፊዎች የምትለጥፈው ግን ባልደረባው ኖሪን ናት።

የዚያን ሐሙስ አምስተኛው ዕቃ በካፕሱል፣ ለአንድ ኩባያ የሚሆን የተፈጨ ቡና በታሸገባት ትንሽ ቆርቆሮ፣ የምትሠራ የቡና ማሽን ነበረች።

«ይቺ ደግሞ ምን የመሰለች ናት!» አለች ኖሪን ከካርቶኑ እያወጣቻት። «ምን ዓይነት ሰው ነው ይቺን የሚሰጥ?»

መርቪን ጎንበስ ብሎ አያት። የማሽኗ ማስነሻ ቁልፍ ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ነበር፤ ሦስት ጊዜ የተደራረበ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። እሱ ራሱ ነው የለጠፈው። ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ቁልፉን እንዳይስት ጎርበጥ እንዲልለት ብሎ ነበር።

«መርቭ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ ቀላ።»

«ይቺን ማን አመጣት?»

«ከዊንያርዱ ሱቃችን ነው የመጣችው። እነሱ ፈታሽ ስለሌላቸው ገመድ ያለውን ሁሉ ወደ አንተ ይልካሉ፤ ታውቀው የለ?»

እሱ ያውቀዋል። ልጁ ቲገን ግን አታውቅም። አባቷ እንዳያያት ብላ ማሽኗን መኪና ላይ ጭና፣ ሃያ ደቂቃ ነድታ ዊንያርድ ጥላት ሄደች፤ ማሽኗ ደግሞ ቀጥ ብላ ጠረጴዛው ላይ መጣች። ማክሰኞ ዕለት ቦታዋ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው፣ «ውሃ ታፈሳለች፣ ለጥገና ወስጃታለሁ» ብላው ነበር። ያኔውኑ ደሙ ፈልቷል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት ዕቃ ለጥገና ውጭ ይወጣል? ግን ዋጠው። ሁለት ቀን ሙሉ እሷ ያፈላችውን ቡና፣ እንዳይደፋው ብላ ግማሽ አድርጋ በምትሰጠው ኩባያ ጠጣ።

ማሽኗን ሰካት። ውሃ ሞላባት፣ አስነሳት፣ ከሥሯ ነጭ ወረቀት አንጥፎ ጠበቀ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«ታልፋለች?» አለች ኖሪን ተለጣፊውን ይዛ።

«ታልፋለች። የኔ ናት።»

ኖሪን አየችው፤ ቴፑን አየች፤ ገባት። «ቲገን?» አለች ቀስ ብላ።

«ስንት ልክፈል?»

«ሂድ ከፊቴ፣ አንተ ሽማግሌ። ና፣ በመኪናዬ ላድርስህ። ቤት ስትገባ ግን ከመጮህህ በፊት ቁጭ በል።»

ቁጭ አላለም።

ቲገን ወጥ ቤት ውስጥ የችግኝ ማሰሮ ታጥብ ነበር። ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ባለፈው ክረምት እሱ መታጠቢያ ቤት ከወደቀ ወዲህ አብራው ትኖራለች። በእቅፉ ያለውን ስታይ ውሃውን ዘጋች።

«አባዬ...»

«ዊንያርድ ፈታሽ የለም። የፈታሽ ልጅ ሆነሽ እንዴት አታውቂም?»

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ? ስሞት?»

«መጀመሪያ ስማኝ—»

«ውሃ ታፈሳለች አልሽኝ! የማታፈስ ማሽን! ዋሽተሽኝ ስታበቂ ደግሞ ቡናዬን እንደ ሕፃን ጡጦ ግማሽ ግማሽ እየሞላሽ ሰጠሽኝ!»

ቲገን እጇን በሱሪዋ ጠረገች። ወደ ጋራዥ ወጣች፤ ስትመለስ ትልቅ ጥቁር ፌስታል እየጎተተች ነበር። ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። አውራ ጣት የሚያካክሉ የአሉሚኒየም ካፕሱሎች እየተንኳኩ እስከ ማቀዝቀዣው ሥር ተንከባለሉ። ውስጣቸው የቀረው አተላ ሻግቶ ነጭ ፀጉር አብቅሏል። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ሰብስቤ ወደሚያቀልጧቸው እወስዳለሁ ያልከው ይሄ ነው» አለች። «አሥራ አራት ወር! ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፌስታሉ ሞላ ብለህ ከቆሻሻው ጋር መጣል ጀመርክ፤ አይቼሃለሁ። ለሁለት ጉንጭ ቡና ይሄን ሁሉ ብረት! የዛገ ብሎን አልጥልም ብለህ በቆርቆሮ የምታጠራቅም ሰው ነህ እኮ! እማዬን በአንድ የዳቦ ፌስታል ስትነዘንዛት አልነበር?»

መርቪን ወለሉን አየ። እግሩ ሥር ያለችው ካፕሱል ገና እየተወዛወዘች ነበር። ልጅቷ ልክ ናት። ይህ ነው ይበልጥ ያናደደው። ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ጮሆባት ይወጣለት ነበር።

«ቡናውን በወንፊት ወደ ታች የሚጫን ማንቆርቆሪያ ገዝቻለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካፕሱል የለ፣ ቆሻሻ የለ። አተላውን ለችግኞቼ እወስደዋለሁ። በየጠዋቱ እኔ አፈላልሃለሁ፤ ምን ቸገረህ?»

«እሱ ነው የቸገረኝ!» ጮኸ። «እኔ አፈላልሃለሁ! ሸሚዜን ትቆልፊልኛለሽ። ዳቦዬን ቅቤ ትቀቢልኛለሽ። ጫማዬን ታስሪልኛለሽ። ከእንቅልፌ ነቅቼ ማንም ሳይነካኝ የምሠራት አንዲት ነገር ቡናዬ ናት። አንዲት! እሷን ነው ጠቅልለሽ ዊንያርድ የጣልሽው!»



እሱ ወደ ጋራዥ ሄዶ መሳቢያ ሲያተራምስ ቆየ። ሲመለስ አንድ እሽግ ቀይ ካርድ ይዞ ነበር፤ ከፋብሪካው የተረፉ፣ ዳር ዳራቸው ወይቦ ቢጫ የመሰለ። አንዱን መዘዘ። በተንቀጠቀጠ እጁ ስሙን ጻፈበት፤ ፊደሎቹ ከመስመሩ እየወጡ ወረዱ። ካርዱን በማሽኗ እጀታ ላይ በሽቦ አሰረው። ሽቦውን ለማጠማዘዝ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ቲገን ቆማ አየችው፤ አልነካችውም።

ይህን ካርድ ታውቀዋለች። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሠራተኛ እጁን ወደ ማሽን ከማስገባቱ በፊት መብራቱን ያጠፋና ስሙ ያለበትን ቀይ ካርድ ይሰቅላል። ያንን ካርድ ከሰቀለው ሰው በቀር ማንም አያነሳውም፤ አለቃም ቢሆን። ሌላ ሰው አንስቶት መብራቱን ቢለቅ የሚሞተው ማሽኑ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ቲገን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አኩርፋ አንዱን የመኝታ ክፍሏ በር ላይ ሰቅላ ነበር። እናቷ ስቃ ልታነሳው ስትል መርቪን ከለከላት፤ ልጅቷ ራሷ እስክታነሳው ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ከበሩ ውጭ ሆኖ ነው ደህና እደሪ ያላት።

«እሺ» አለች ቲገን።

ከእሽጉ አንድ ካርድ መዘዘች። ስሟን በትልልቁ ጻፈች። ገና ያልተከፈቱ የካፕሱል ሳጥኖች ያሉበትን ቁም ሣጥን ዘግታ እጀታው ላይ ሰቀለችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከአንድ በላይ ሰው ሲሠራ ሁሉም የየራሱን ይሰቅላል። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

 መርቪን ቁም ሣጥኑ ላይ አፈጠጠ፤ ከዚያ ካፕሱሎቹን በእግሩ ገፍቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ብቻውን ቆመ። ማሽኗ የእሱ ናት፤ የምትበላው ግን የላትም። ቁም ሣጥኑ ሁለት እርምጃ ነው። ካርዱ በክር ነው የተሰቀለው፤ ግራ እጁ ብቻ ይበቃው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ካርድ አልነካም፤ ቢሞት አይነካም። ይህን አውቃ ነው የሰቀለችው፣ ይህች ተንኮለኛ።

መሳቢያውን በቁጣ ሳበው። ከሹካዎቹ ኋላ ሁለት የብረት ካፕሱሎች አሉ፤ ቡና እየሞሉ፣ እያጠቡ ደግመው የሚሠሩባቸው። ቲገን ከገና በፊት አምጥታቸው አንድ ጊዜ ሞክሯቸው ነበር። እጁ እየተንቀጠቀጠ የቡናውን ዱቄት ወለሉ ላይ በተነው፤ እሷ መጥረጊያ ይዛ ስትንበረከክ ሲያይ ወደ መሳቢያው ወረወራቸው። ያን ቀን ስለ እጁ ከማውራት ስለ ካፕሱሎቹ ርካሽነት ማውራት ቀሎት ነበር።

አሁን ኪሱ ከተታቸውና ጋራዥ ገባ።

አንድ ወፍራም የእንጨት ቁራጭ ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስሮ፣ በጠረጴዛ መሰርሰሪያው ለካፕሱሎቹ ልክ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አወጣ። ሞርሳ አይንቀጠቀጥም። የፕላስቲክ ወተት ጠርሙስ አንገት ቆርጦ፣ ዱቄት ማፍሰሻ እንዲሆነው ገልብጦ ከቀዳዳው በላይ አጸናው። ከሥሩ የኬክ መጋገሪያ ትሪ አደረገ፤ የሚፈሰው ይፍሰስ። አንድ ጊዜ መለኪያው አመለጠው፤ እንጨቱን፣ እጁን፣ ሐኪሙን፣ ቲገንን በየተራ ሰደበ።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። «ልርዳህ?»

«ውጪ!»

ጥላው ሄደ።

የቡናውን ዱቄት በማንኪያ ወደ ጠርሙሱ አንገት ጨመረ። እጁ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ፤ ማንኪያው ጠርሙሱን ደጋግሞ መታው፤ ጠርሙሱ እንጨቱን አንቀሳቀሰ። መርቪን አጎንብሶ አየ። ካፕሱሉ ውስጥ ዱቄቱ ተንገዋልሎ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቷል፤ ጤነኛ እጅ እንኳ እንዲህ አያስተካክለውም።  ክዳኑን በመዳፉ ተጫነው፤ ቀጭ አለ።

ሁለተኛውን ሲሞላ እጁን አልሰደበውም።

ወጥ ቤት ገብቶ ቴፑን ተጫነ። ማሽኗ አጉረመረመች። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ፣ ቲገን ፊት አስቀመጠው፤ መንገድ ላይ የፈሰሰው ፈሷል፣ የተረፈው ከግማሽ በላይ ነው።

«ጠጪ።»

ቀመሰች። «ቀጥኗል።»

«አውቃለሁ። ዱቄቱ ገና መድቀቅ አለበት። ጠጪው።»

ጠጣችው። ስትጨርስ የሞቀውን ካፕሱል ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ «ለችግኞቹ—»

«እጅሽን! እኔ ነኝ የማራግፈው። አተላውን ብቻ ትወስጃለሽ።»

እጇን ሰበሰበች። የቁም ሣጥኑን ካርድ አየት አደረገች፤ ላንሳው ወይ አላለችም፣ አንሺው አላላትም። የእሱም ካርድ ማሽኗ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጥቁሩን ፌስታል አተላ ሲያራግፍ ዋለ፤ ካፕሱሎቹን በሞርሳ እየጨፈለቀ፣ አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ። ሁለት ጊዜ መጥታ «ሻይ ልስጥህ?» አለችው። ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው ሻዩን አስቀምጣ፣ አጠገቡ በርጩማ ስባ ቁጭ አለች፤ የተጨፈለቁትን ወደ ባልዲ ትወረውር ጀመር። አላባረራትም። 

በቀጣዩ ሐሙስ ኖሪን ተለጣፊዎቿን እያስተካከለች፣ «እሺ፣ ቤት እንዴት ሆነ?» አለችው።

መርቪን የመጀመሪያውን የዳቦ መጥበሻ ሰካ።

«ማሽኗ አልፋለች» አለ። «ልጅቷን ገና እየፈተሽኩ ነው።»