ሬሳ የሌለው ኮከብ

ባሌ ሃብተ ጊዮርጊስ ግትር ነው፤ አንዴ «አይሆንም» ካለ አለ ነው። ልጃችን ምሥጋናው በጦርነቱ ጊዜ ወደ ዛሪማ ወርዶ ቀረ። ጓደኞቹ መጥተው «ከባድ መሣሪያ ወደቀበት፤ የሚለቀም እንኳ አልተገኘም» ብለው ነገሩን። ባሌ ግን «ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም» አለ፣ በቃ።

እኔ ምን ጠየቅሁ? ልብሱን መደብ ላይ ዘርግተን እናልቅስለት፣ ቄስ ጠርተን ፍትሐት ይደረግለት ነው ያልኩት። ሩቅ አገር ለሞተ ሰው ወጉ ይኸው ነው። የልጄ ነፍስ ያለ ጸሎት ስትንከራተት እኔ እህል ይወርድልኛል? የምሥጋናው ጃኬት ግን እንዳለ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ባለፈው እሑድ ዳባት ፊዚክስ የምታስተምረው ልጄ ዕፀገነት ደባርቅ እኛ ዘንድ መጣች። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቆሎ እየቆረጠመ፣ «አሁን ምን እያስተማርሽ ነው?» አላት።

«ስለ ትልልቅ ኮከቦች። ብዙ ኮከቦች እንደ ቅዳሜ ገበያ ተጨናንቀው ሲወለዱ፣ መሃል ያሉት እየተጋጩ ይዋሃዳሉ። አንዱ ከሁሉ ይገዝፋል።»

«ገዝፎስ?»

«ዕድሜው ያጥራል። ትንሹ ኮከብ እንደ ወይራ ፍም ይቆያል። ትልቁ ግን ነዳጁን ቶሎ ይጨርስና ይፈነዳል።»

«የጭድ እሳት በይው» አልኩ። ዝም ማለት አላውቅበትም።

«ሌላው ሲፈነዳ ሬሳ አለው፤ መሃሉ ተጨምቆ ይቀራል። ከእነዚህ በጣም ግዙፎች አንዳንዱ ግን ሙሉ በሙሉ ይበተናል። ምንም አይቀርም።»

ወይ ጉድ! ምን ነካት ይቺ ልጅ? ዐይኔን አፈጠጥኩባት። የሰውዬው እጅ ቆሎው ላይ ቆመ።

«ሬሳ ከሌለው መሞቱን በምን ያውቃሉ?» አለ።

«በብርሃኑ፣ አባዬ። ለወራት ይታያል። የበተነው ብረትም ይታያል። ሬሳው ስላልተገኘ አልሞተም የሚል ግን የለም።»

ሃብተ ጊዮርጊስ የቆሎውን ሳህን ገፋ አደረገ። በኋላ «አባ ወልደ ገብርኤልን ጥሪያቸው፤ ፍትሐቱን ያድርሱ» አላት። ወደ እኔ ዞሮም «አንቺ ጃኬቱን አውርጂ» አለኝ።

ስጨቀጭቀው የከረምኩት እኔ ነኝ። ሄጄ ጃኬቱን ያዝኩት፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

«ተወው» አልኩ፣ «ምናልባት ቢመጣስ?»

ሃብተ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ጎኔ ቆመ። አብረን አወረድነው።