ወደ ወለል የታሰረ ቀበቶ

ጂሎ የተናደደው ገና መኪናዋ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ስትቆም ነው። ምክንያቱን ቢጠይቁት አይነግርም። ቀይ በመሆኗ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት በር ብቻ ስላላትም ሊሆን ይችላል፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው መኪና የከብት መኪና በሚጠገንበት ግቢ ምን ትሠራለች ብሎም ይሆናል። ጂሎ ለመናደድ ምክንያት ሲፈልግ ታይቶ አይታወቅም። ኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ እሱ ያልጮኸበት ሹፌር፣ እሱ ያልሰደበው ጫኝ የለም። ይሁንና ሁሉም ተመልሶ ወደ እሱ ነው የሚመጣው፤ እሱ ያሰረው ጭነት አይነቃነቅምና።

አስተሳሰሩ አንድ ነው። ገመዱን በጭነቱ ላይ ይወረውራል፣ ከታች ከሻንሲው ጋር ያያይዘዋል፣ ከዚያ በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ይስበዋል። ሽንኩርት ይሁን ስኳር፣ ፍራሽ ይሁን ቆርቆሮ፣ ሁሉም ወደ ታች! በረዳትነት ዘመኑ ከሐዋሳ ናይሮቢ የተመላለሰው በዚህ ነው። ጉልበቱ ደክሞ ጋራዥ ከፍቶ «ፉንዲ»፣ ማለትም መካኒክ፣ መባል ከጀመረ በኋላም የሚታሰር ነገር ያለው ሁሉ ደጁን ይጠናል።

ከመኪናዋ የወረደችው ነጅዋ ናት፤ የከብት ነጋዴው የመሐዲ ልጅ። አባቷ በሬ ሲሸጥ እሷ የመኪና ዕቃ ትሸጣለች፣ ከትርፏ አጠራቅማም ይህችን መኪና ገዛች። የፊታችን ቅዳሜ ወደ ደቡብ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ በሚደረገው ውድድር ልትነዳት ነው። ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ሰፋፊ ሰማያዊ ማሰሪያዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሁለት ለትከሻ፣ ሁለት ለወገብ፤ መሐል ላይ ሲጠመዘዝ የሚከፈት ክብ መቆለፊያ አለ።

«ጋሼ ጂሎ፣ እነዚህን የውድድር ቀበቶዎች ሁለቱም ወንበር ላይ ይግጠሙልኝ። የመኪናዋን የራሷን ቀበቶ ግን አይንኩብኝ።»

«ለአንድ ሰው ሁለት ቀበቶ? እስረኛ ነሽ እንዴ?»

«ይኼ ለሜዳ ነው። ባራባራው አስፋልት ላይ በዚህ ታስሬ ብነዳ ጎንበስ ብዬ ዞሬ ማየት አልችልም። ከጎን ግመል ቢገባብኝ፣ የቦዳቦዳ ሞተር ቢመጣብኝስ? መንገድ ላይ የድሮው፣ ሜዳ ላይ ይኼ።»

እስከዚህ ድረስ ጂሎ እያጉረመረመም ቢሆን ሰማት። ነጅዋ ግን በመስኮቱ እጇን አስገብታ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ በትከሻ ቁመት ላይ፣ አግድም የተበየደውን ወፍራም ቱቦ መታ መታ አደረገችው።

«የትከሻዎቹ ማሰሪያዎች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ሄደው እዚህ ላይ ነው የሚጠመጠሙት። ወደ ወለሉ መውረድ የለባቸውም። ሥዕሉ ስልኬ ላይ አለ፣ ላሳይዎት?»

ሥዕል! ጂሎ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ሲወጣ ተሰማው። እሱን፣ ጂሎን፣ ትናንት እዚህ ግቢ ውስጥ ከረሜላ እየላሰች ትሮጥ የነበረች ልጅ ማሰር ልታስተምረው! ያውም በስልክ!

«ስልክሽን ለጓደኞችሽ አሳዪ። ሂጂና ማታ ነይ» አላት። ነጅዋም ማዶ ኢትዮጵያ በኩል የምታየው ጉዳይ ስለነበራት፣ አንዴ ነግሬዋለሁ ብላ አምና ሄደች።

ጂሎ ቱቦውን በንቀት አየው። ይህ ውስጡ ባዶ ነገር ነው ሰው የሚይዘው? ሰው የሚይዘው ወለል ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ወለሉን በሳ፣ ከሥር ወፍራም ላሜራ አደረገ፣ ብሎኑን አስገብቶ ዳዶውን እስኪያቃስት ድረስ አጠበቀው። የትከሻዎቹን ማሰሪያዎች በወንበሩ ጫፍ ላይ አሳልፎ ቁልቁል አወረዳቸው። ሥራው በእርግጥ የጠነከረ ነበር፤ በሬ ቢጎትተው አይነቀልም። ለዚያች ለምታበሳጭ ልጅ ይህን ያህል መድከሙ ራሱ አናደደው።

ነጅዋ ተመልሳ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ወደ ወለሉ አወረዱት እኮ!»

«አዎ፣ አወረድኩት።»

«ነግሬዎት የለም እንዴ? እንዲህ ከሆነ መኪናዋ ስትመታ ትከሻዬን ቁልቁል ይጨፈልቀዋል። የጀርባ አጥንት ይሰብራል! ይፍቱልኝ።»

«አልፈታም! ጂሎ ያሰረው የሚፈታው ዕቃው አገሩ ሲገባ ነው። በሰላሳ ዓመት አንድ ጆንያ ወድቆብኝ ያውቃል? ንገሪኛ፣ ወድቆብኝ ያውቃል?»

ጩኸቱን ሰምተው ጫኞቹ ተሰበሰቡ። ከሁሉም ፊት ኤሌማ ነበር፤ የጫኞቹ አለቃ፣ የጂሎ የዘወትር ባላንጣ። እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሎ ቆመ። የጭነት ሹፌሩ በኃይሉም የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ፤ እሱ የጂሎ የድሮ ወዳጅ ነው፣ ነገር ሲጋጋል ማብረድ ይወዳል።

ነጅዋ ሰዎቹን አየቻቸው፣ ከዚያም ጂሎን። እሷም ተናዳለች፤ የእሷ ንዴት ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

«ደግ» አለች። «የዚህ ግቢ ደንብ ምንድን ነው? ያሰረው ሰው እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። እውነት ነው ወይስ አይደለም?»

እውነት ነበር። አሳሪ በሥራው ላይ ተቀምጦ እስከ ሶሎሎ መገንጠያ ካልሄደ ማንም ሹፌር አያምነውም፤ ይህን ደንብ ከማንም በላይ የሚያስከብረው ደግሞ ራሱ ጂሎ ነው። ባለፈው ክረምት ኤሌማን በዝናብ ውስጥ የስሚንቶ ክምር ላይ አስቀምጦ ልኮታል። ኤሌማ ይህን አልረሳም።

«አይ ፉንዲ! እንግዲህ ይቀመጣላ!» ብሎ አጨበጨበ። ግቢው በሳቅ ሞላ።

ጂሎ ፊቱ ጠቆረ። «እቀመጣለሁ! ለምን አልቀመጥም? ግን አንቺ ልጅ፣ ስሚ። መገንጠያው ጋ ደርሼ "ይዟል" ካልኩሽ ቅዳሜ በዚሁ ታስረሽ ነው የምትወዳደሪው። አንዲት ብሎን ሳትፈቺ።»

ነጅዋ ትንሽ አሰበች። የነጋዴ ልጅ ናት፤ በሰው ፊት የሰጠችውን ቃል እንደማታጥፍ ታውቃለች፣ እነሱም ያውቃሉ።

«እሺ፣ ተስማምቻለሁ። እርስዎ "ይዟል" ካሉ ቅዳሜ በዚሁ ነኝ። ካልያዘ ግን ሁለቱንም ፈትተው ቱቦው ላይ ያስሩልኛል።»

በማግስቱ ወጡ። ነጅዋ በመኪናዋ የራሷ ቀበቶ ታሰረች፤ ጂሎ በጋቢናው በኩል በውድድሩ ቀበቶ። ማሰሪያዎቹን ራሱ ነው የሳባቸው፣ እስትንፋሱ እስኪያጥር ድረስ። ከኋላ የበኃይሉ ፒካፕ ኤሌማንና ሥራ የፈቱትን ሁሉ ጭኖ ተከተለ።

አስፋልቱ ላይ ምንም ችግር አልነበረም። ጂሎ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ፤ ደረቱን ከመንፋት ሌላ ማድረግ የሚችለውም ነገር አልነበረም። ትከሻዎቹን ሁለት ሰው ቆሞ የተጫናቸው ይመስለዋል። ፒካፑ ተከትሎ እንደሆነ ሊያይ ፈለገ፣ መዞር አቃተው። ይህም አበሳጨው፤ በቀበቶው ሳይሆን በእሷ። ዝም ብላ ነው የምትነዳው። ብትከራከረው፣ ብትሳደብ ይሻለው ነበር።

መገንጠያው ጋ ሲደርሱ ነጅዋ ፍጥነት ቀነሰች።

«ለምን ትቆሚያለሽ? አስፋልት ላይ ምን ተፈተነ? ወደ ጥርጊያው ግቢ!»

«ጋሼ፣ ይኼ የሶሎሎ መንገድ እኮ ጉድጓድ ብቻ ነው።»

«ሜዳሽ ምንጣፍ ነው? ግቢ አልኩሽ! ጨምሪ! እንደምትወዳደሪው ንጂ እንጂ፣ ሬሳ የጫንሽ ይመስል!»

ነጅዋ ከንፈሯን ነክሳ ነዳጁን ረገጠች። ጠጠሩ ከሥር ይንጫጫ ጀመር፣ አቧራው ከኋላ ተነሳ። ጂሎ አሁንም «ጨምሪ!» እያለ ነበር፣ ዝናብ የቦረቦረውን ሰርጥ ሁለቱም ሲያዩት። ነጅዋ ፍሬን ያዘች፤ ዘግይታ ነበር። መኪናዋ ከጠርዙ ላይ ተነሳች፣ ለአንድ አፍታ አየር ላይ ቀረች፣ ከዚያም በሆዷ አረፈች። የጂሎ ሰውነት ሊነሳ ፈለገ፤ ቀበቶው ቁልቁል ያዘው፤ ወንበሩ ከሥር መጣበት። በሁለቱ መካከል የነበረው ወገቡ ነው። የሆነ ነገር ሲሰበር ከጆሮው ይልቅ በጥርሱ ሰማው።

መኪናዋ ቆመች። ነጅዋ መሪው ላይ ዘንበል ብላ ትተነፍስ ነበር፣ ምንም አልሆነችም።  ከጂሎ ወገብ እስከ እግሩ እሳት ወረደ።

ፒካፑ ደረሰ። ሰዎቹ ዘለው ወርደው መስኮቱን ከበቡ፣ ኤሌማ ከፊት ሆኖ አንገቱን አስገባ።

«እህሳ ፉንዲ? ይዟል?»

ቀበቶው ይዞ ነበር። አንዲት ብሎን አልላላችም፣ አንዲት ክር አልተፈታችም። ጂሎ የኤሌማን ጥርስ አየ፤ ከዚህ ቀን በኋላ በየሻይ ቤቱ ስሙ እንዴት እንደሚነሳ አሰበ። ሰላሳ ዓመት። ላብ በግንባሩ ወረደ።

«ይዟል» አለ።

ሰዎቹ ጮኹ። አንዱ የመኪናዋን ጣሪያ በደስታ ደበደበ፤ ኤሌማ ምራቁን ተፍቶ ዞረ። ነጅዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ሰርጡን በኋላ መመልከቻ መስታወቱ አየችው፣ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ። ቃል ቃል ነው። ቅዳሜ በዚሁ» አለች።

ጂሎን ያን ጊዜ የያዘው ንዴት ከዚህ በፊት ከያዘው ሁሉ የከፋ ነበር። ለምን አትከራከረውም? ለምን «ውሸታም» አትለውም? ሜዳው ላይ እንዲህ ያለ ሰርጥ አንድ ብቻ አይደለም፤ ያቺ ቀጭን ወገቧ በእሱ ብሎን ታስራ በየጉድጓዱ ስትጨፈለቅ ታየው። ፈራ። ጂሎ መፍራቱን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው ጮኸ።

«ማነው ቅዳሜ በዚሁ ያለው? አንቺ ደንቆሮ! ወገቤ ተሰብሯል! አይታይሽም? ሰብሮኛል እኮ! ፍቱኝ! ኤሌማ፣ አንተ ጥርሳም፣ ምን ይገትርሃል? መፍቻ አምጣና ሁለቱንም ንቀላቸው! ከወለሉ ንቀላቸው አልኩህ! ስኳር ጭኜ ነው የኖርኩት፣ ስኳር አመመኝ ብሎኝ አያውቅም፣ በምን ልወቅ? በምን ልወቅ እናንተ!»

ማንም አልሳቀም። ነጅዋ እጇን ዘርግታ ክቡን መቆለፊያ ጠመዘዘችው፣ ማሰሪያዎቹ ተዘረገፉ። ጂሎ ሊነሳ ሞከረ፣ እግሩ አልታዘዘውም። በኃይሉ ከፒካፑ የእንጨት ሳንቃ አመጣ፤ አራት ሆነው በቀስታ አጋደሙትና ጫኑት። እየተሳደበ ነበር የጫኑት፤ አያያዛቸውን፣ አወጣጣቸውን፣ እናታቸውን ጭምር። ሶሎሎ ሆስፒታል አለ፤ መንገዱ ግን እስከዚያ ድረስ ይኸው ነው። ኤሌማ ቀዩን መኪና ይዞ ሊከተል ቀረ፣ ነጅዋ ፒካፑ ላይ ወጥታ ከጂሎ ራስ አጠገብ ተንበረከከች።

በኃይሉ እንቁላል እንደጫነ ሰው ተጠንቅቆ ነዳ። እንዲያም ሆኖ መኪናው በተናጠ ቁጥር ጂሎ ጥርሱን ያፋጫል። ነጅዋ በሻሿ ጫፍ አቧራውን ከፊቱ ትከላከልለት ነበር። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ጎንበስ አለችበት።

«"ይዟል" ብለውኝ ነበር እኮ።»

ጂሎ ሰማዩን አየ።  

«ተሰብረው እያሉ፣ እያወቁት፣ "ይዟል" አሉኝ። በዚያው ዝም ቢሉኝ ኖሮ፣ ቅዳሜ በዚያ ታስሬ እወጣ ነበር።»

እያለቀሰች ነበር፤ እያለቀሰችም ተናዳለች። ድምፅዋ ከፍ ብሏል፣ በኃይሉ እስከ ጋቢናው ድረስ ሰማት። ጂሎ ፊቱን ወደ እሷ ማዞር አልቻለም።

«አዎ» አለ።