ዋጋ ያልተቆረጠለት ጓሮ

ዘርኣጽዮን አንድ ሕግ ነበረው፤ ዋጋ ሳይቆርጡ ከሰው ጓሮ መውጣት ክልክል ነው። ገብረመድኅን ደግሞ አንድ በሽታ ነበረበት፤ ዋጋ ጥራ ሲባል ምላሱ ይታሰራል። ሁለቱ ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ በአንዲት አሮጌ ቫን እየዞሩ የሰው አትክልት እየኮተኮቱ ይኖሩ ነበር። ዘርኣጽዮን የአስመራ፣ ገብረመድኅን የአዲስ አበባ ልጅ ናቸውና በዚያ በደርግ ዘመን አገራቸው ቢሆኑ ኖሮ ጎራ ለይተው ይታኮሱ ይሆናል። ለንደን ግን የሁለቱንም ወገብ እኩል አጉብጣ አንድ አካፋ ታቀባብላቸዋለች።

እንጀራቸው የወጣው ከፈረንጅ ጥድ ነው። ዘርኣጽዮን ከከተማው ውጭ የጥድ ደን ያለው አንድ ሽማግሌ ተዋወቀና፣ ከዛፎቹ ሥር የረገፈውን መርፌ መሳይ ደረቅ ቅጠል በርካሽ እየጫኑ መውሰድ ጀመሩ። ይህ ቅጠል ከአበባ ቁጥቋጦ ሥር ሲነጠፍ አረም ያፍናል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ለዓይንም ደስ ይላል። እኛ አገር ለምድጃ የሚለቀመውን እዚህ ሀብታም ገንዘብ ከፍሎ መሬት ያለብስበታል።

ዋጋ የማውጣቱ ሥራ የዘርኣጽዮን ነበር። ጓሮውን በእርምጃ ይለካል። ዛሬ አራት ጣት ከፍ ብሎ የተነጠፈው ዝናብ ሲመታው ሁለት ጣት እንደሚሆን ያውቃልና የጆንያውን ብዛት በዚያው ልክ ያሰላል። የቤንዚኑን፣ የአረም ማጽጃውንና የሁለት ሰው ጉልበት ዋጋ ይጨምርበታል። ከዚያ የባለቤቱን ዓይን እያየ ዋጋውን ይናገርና ጭጭ ይላል። "ዋጋ ከጠሩ በኋላ ማስረዳት የለም፤ ያስረዳህ ለት ቀንሰሃል" ይል ነበር። ገብረመድኅን በዚህ ድርቅናው ይቀናል እንጂ ለራሱ አልሆነለትም። "ስንት ልስጥህ?" ሲባል "እንደወደዱ" ማለት ጨዋነት በሆነበት ቤት ነው ያደገው። አንድ ጊዜ ብሪክስተን ለሚኖር የአገር ልጅ ጓሮ አንጥፎ "እንደወደድክ" ቢለው፣ ሰውየው የወደደው አንድ ሳህን የምስር ወጥ ሆኖ ተገኘ። ዘርኣጽዮን ወሩን ሙሉ ሲስቅበት ከረመ።

ፀደይ እንደገባ ሃምስቴድ ሰፈር የአንድ እንግሊዛዊ ጓሮ እያነጠፉ ሳለ፣ ከአጥሩ ወዲያ "የአገሬ ልጆች ናችሁ እንዴ?" የሚል ድምፅ ሰሙ። ሞላ ያለች፣ ሳቂታ ሴት በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋለች። ወይዘሮ ሸዋረጋ ትባላለች። ባሏ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና መንፈቃቸው ነው። አማርኛ ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረና የእሷንም ጓሮ እንዲያዩላት ለመነቻቸው።

ቅዳሜ ሄዱ። በሩን የከፈተው ባልየው ነበር። "ዓለምሰገድ እባላለሁ" ብሎ እጁን ሲዘረጋ የገብረመድኅን እጅ አየር ላይ ቀረ።

ይህን ስም ያውቀዋል። ከአገር የወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረው ስም ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ የነገብረመድኅን ቀበሌ የሚታዘዝለት የከፍተኛው ሊቀ መንበር እሱ ነበር። የገብረመድኅን ታናሽ ወንድም መርዕድ በዚህ ሰው ትእዛዝ ከቤት ተወሰደ። ወረቀት የበተነው ሌላ፣ የተያዘው መርዕድ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ከአንዱ እስር ቤት በር ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ኖሩ። በየበሩ የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነው፤ "እዚህ የለም።" ሞቷል እንዳይሉ የነገራቸው የለም፣ አለ እንዳይሉ ያየው የለም። ገብረመድኅን አብዮቱ ሳይፈነዳ ለትምህርት ወጥቶ የቀረ ስለሆነ ሰውየው መልኩን አያውቀውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፊቱን አዙሮ ይሄድ ነበር። ገብረመድኅን ግን ጎንበስ ብሎ፣ ግራ እጁን ደግፎ ጨበጠው። ይህን እጅ መጨበጡ ለራሱም ዘገነነው። ነገር ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ መርዕድ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ካለ ከዚህ ሰው ሌላ ማን አለ?

ዘርኣጽዮን ጓሮውን ዞሮ ለካ። ሰፊ ነው፣ ተዳፋት ነው፣ አረሙም የዓመታት ነው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከኋላው እየተከተለች የምትወዳቸውን አበቦች ታሳየዋለች። ዘርኣጽዮን በሆዱ መቶ አርባ ፓውንድ ላይ ደርሶ አፉን ሊከፍት ሲል ገብረመድኅን ቀደመው።

"ኧረ ጓድ፣ ከእርስዎ ጋር ደግሞ የምን የዋጋ ነገር ነው! የአገር ልጅ አይደለን? ሥራውን ይዩልን እንጂ።"

ዘርኣጽዮን በድንጋጤ ዞር ብሎ አየው።

"እንደሱማ አይሆንም፣ ስንት ነው?" አለ ዓለምሰገድ።

"ይሁንልኝ ጓድ። ይልቅ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ወንድሜ ነው። መርዕድ ተሰማ ይባላል። ከእርስዎ ከፍተኛ ነው የተወሰደው። እናቴ ያለበትን እንኳ ብታውቅ..."

ሰውየው ፊቱ አልተለወጠም። የመርዕድን ስም ደግሞ ጠየቀው፣ የአያቱንም ስም አስጨመረው። "ብዙ ሰው ነው ያለፈው በዚያ ጊዜ" አለ ቀጥሎ። "ለማንኛውም ስልክ ደውዬ አጣራለሁ።" ወይዘሮ ሸዋረጋ የገብረመድኅንን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ ይጠይቅልሃል፤ እኔ ራሴ አስታውሰዋለሁ" አለችው። እሷ ከልቧ ነበር።

ቫኑ ውስጥ እንደገቡ ዘርኣጽዮን ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ።

"መቶ አርባ ልለው ነበር፤ ፕራይሱን ለምን አላስነገርከኝም?"

"ሆን ብዬ ነው።"

"እኔ ለማንም እሠራለሁ፣ ለሰይጣንም ቢሆን። ግን ፕራይሱን ነግሬው፣ ተቀብዬው እወጣለሁ። ዋጋ ያልነገርከው ሰው ጌታህ ነው።"

"አልገባህም" አለ ገብረመድኅን። "ገንዘቡን ካልከፈለኝ ውለታዬ አለበት። ፈረንጅ ቢሆን 'ታንኪው' ብሎ ይረሳዋል። ሐበሻ ግን የሰው ላብ በነፃ በልቶ ዓይኑን ማየት ያቅተዋል። ያንን ጓሮ ባየ ቁጥር መርዕድን ያስባል።"

"እሱ? ስንት እናት እግሩ ላይ ወድቃ ረግጧት ያለፈው ሰው በቅጠል ሊያፍር?"

"ሌላ ምን አለኝ? ንገረኛ! ሌላ የምሰጠው ምን አለኝ?"

የዘርኣጽዮንም ቤት በኤርትራው ጦርነት የፈረሰ ነውና የጓደኛው ጭንቅ ይገባዋል። ሆኖም ለዚያ ሰው አንዲት ጆንያ እንደማይሸከም ማለ። ቫኑን ብቻ ፈቀደለት፣ "ቤንዚኑን ራስህ ሙላ" ብሎ።

ስለዚህ ገብረመድኅን ብቻውን ሠራው። ደኑ ድረስ ነድቶ ቅጠሉን በመንሽ ሰብስቦ፣ ጠቅጥቆ፣ ጭኖ መጣ። አረሙን ላይ ላዩን አልጨደም፤ ተንበርክኮ በጣቱ ሥሩን እየተከተለ ነቀለው። ዘርኣጽዮን አራት ጣት የሚለውን ስድስት ጣት አድርጎ አነጠፈ። ያልተጠየቀውን የፊት ለፊቱንም መደብ አለበሰው፣ የአጥሩን ጥግ፣ የመኪና መግቢያውን ዳርና ዳር ሳይቀር። ሌላው አትክልተኛ በተቆረጠው ዋጋ ለማትረፍ ከሥራው ይሸርፋል፤ እሱ ግን በጨመረ ቁጥር ውለታው የሚከብድ እየመሰለው ጆንያ ላይ ጆንያ ደረበ። ይሄኛው ጆንያ መርዕድ የት እንዳለ ለማወቅ፣ ይሄኛው ስንቅ ለማስገባት፣ ይሄኛው ለማስፈታት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነበር፤ እሱ ግን ወተቷን ማለብ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ ሸዋረጋ ሻይና ዳቦ ይዛ እየወጣች አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ስለ እናቱ ጠየቀችው። መርዕድ ምን ይወድ እንደነበር ጠየቀችው፤ ኳስ ይወድ እንደነበር፣ ጫማ እንደማይበረክትለት ነገራት። እሷም ሳቀች። "ትናንት ማታ አስታውሼዋለሁ፣ ነገ ይደውላል" አለችው። ገብረመድኅን ያን ቀን እያፏጨ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሥራው በሚያልቅበት ቀን ግን አልወጣችም። ሻዩንም ያመጣ የለም። አንድ ጊዜ ቀና ሲል በወጥ ቤቱ መስኮት አያት፤ ወዲያው ዞር አለች። አሟት ይሆናል ብሎ አሰበ።

ከሰዓት በኋላ ዓለምሰገድ ካፖርቱን እንደለበሰ ወጣ። የተነጠፈውን አላየም።

"ስንት ነው?" አለ።

"ኧረ ጓድ፣ ተነጋግረን የለ እንዴ! ይተዉት።"

"ስንት ነው አልኩህ?"

"ስለ እግዚአብሔር ይተዉት። ለገንዘብ ብዬ አልሠራሁም።"

ሰውየው ከካፖርቱ ኪስ ፖስታ አወጣ። "ሌሎች አትክልተኞች ዘንድ ደውዬ ይህን የሚያህል ሥራ ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቄያለሁ። እነሱ ያሉት ሁለት መቶ ነው። ሁለት መቶ አለ፤ ቁጠረው።"

ገብረመድኅን እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። "ወንድሜስ ጓድ? የመርዕድ ነገር..."

"ስለሱ የምነግርህ ነገር የለም።"

"ካልደወሉ እጠብቃለሁ እኮ። አያስቸኩልም። በጋም ሲሆን እየመጣሁ..."

"ደውያለሁ" አለ ዓለምሰገድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ። ፖስታውን በገብረመድኅን የደረት ኪስ ውስጥ ራሱ ከተተው። "ሠርተሃል፣ ተከፍሎሃል። በእኔና በአንተ መካከል ምንም የለም። ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ።" ገባና በሩን ዘጋው።

ገብረመድኅን መንሹን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የሰደቡት መሰለው። ኪልበርን እስኪደርስ ድረስ ቫኑ ውስጥ ብቻውን ሲራገም መጣ።

ዘርኣጽዮን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ድንች ይልጥ ነበር። ገብረመድኅን ፖስታውን ፊቱ ወረወረለት። "ይኸውልህ! ደስ ይበልህ! ከፈለ! አንተ ካሰብከውም አስበልጦ ከፈለ! ላቤን መልሶ ፊቴ ላይ ደፋው!"

ዘርኣጽዮን ፖስታውን ከፍቶ አየ። ገብረመድኅን ይስቅብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ዘርኣጽዮን ግን አልሳቀም።

"ሳትጠይቀው ነው የከፈለህ?"

"እምቢ እያልኩት!"

"ደውሏል?"

"ደውያለሁ አለ። የምነግርህ ነገር የለም አለ።"

"ሚስቱስ?"

"ዛሬ አልወጣችም። ታማ ነው መሰለኝ።"

ዘርኣጽዮን ቢላዋውን አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት።

"ምን ሆነሃል? ተነሣ!" አለው ገብረመድኅን።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ና ተቀመጥ።"

"ተነሣ እልሃለሁ! ማን ሞተብህና ነው?"

"እንደሱ ያለ ሰው የሚሸጠው ነገር ካለው ይሸጣል" አለ ዘርኣጽዮን ቀስ ብሎ። "መርዕድ በሕይወት ቢኖር ኖሮ፣ ይጣራል፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ዕድሜ ልክህን ያስነጥፍህ ነበር። ቤቱንም ያስቀባህ ነበር። የሚሸጥልህ ስላጣ ነው የከፈለህ። ዕዳው ከዚህ በላይ እንዳይጨምርበት ፈርቶ ነው።"

"ውሸት ነው!"

ዘርኣጽዮን ዝም አለ። ዋጋ ከጠራ በኋላ እንደሚያደርገው ዝም አለ እንጂ አላስረዳም።

ገብረመድኅን ፖስታውን አየው። መጀመሪያውኑ መቶ አርባ ብሎ ዋጋ ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ገንዘብ ገንዘብ ብቻ ይሆን ነበር፤ ድንችና ቤንዚን ይገዙበት ነበር፤ መርዕድም አንድ ቦታ፣ አንድ እስር ቤት ውስጥ፣ ጫማው አልቆበት ይኖር ነበር። ወለሉ ላይ ወደቀና እንደ ሴት ደረቱን እየመታ ጮኸ። "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ቤቱን አናወጠው።

የቤቱ ባለቤት አይሪሻዊቷ አሮጊት ከታች ሮጣ ወጥታ በሩን ደበደበች። ምን እየሆኑ ነው፣ ፖሊስ ልጥራ ወይ እያለች ትጮኻለች። ዘርኣጽዮን ተነሥቶ በሩን በጥቂቱ ገርበብ አደረገው።

"ወንድሙ ሞቶበት ነው" አላት።

ያን ያህል ዓመት በየእስር ቤቱ በር ማንም ለገብረመድኅን እናት ያልነገራቸው ቃል ኪልበርን ደረጃ ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለባዕድ ሴት ተነገረ። አሮጊቷ አማተበች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወይኔ ልጄን፣ መቼ?" አለችው።

ዘርኣጽዮን ዞር ብሎ ገብረመድኅንን አየው። ገብረመድኅንም ለቅሶውን ገታ አድርጎ መልሱን ይጠብቅ ነበር።

"ዛሬ" አላት ዘርኣጽዮን።