ስምንተኛዋ ቀዳዳ

ሸሕዲ ላይ ጎማ የሚለጥፈው እንግዳው ብቻ ነበር ማለት ውሸት ይሆናል፤ ሌሎችም ነበሩ። ግን የእነሱን ልጥፍ የቆላው ሙቀት ሳምንት ሳይሞላ ይልጠዋል። የእንግዳው ልጥፍ የጎማው የውስጥ ካላማዳሪ ራሱ እስኪበሰብስ ንቅንቅ አትልም። በመኪናው መንገድ ዳር ካለችው የኒም ዛፍ ሥር አንድ ሳፋ ውሃ፣ አንድ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ ያረጀ የመኪና ጎማ ቁራጭና አንድ ኮፒ እርሳስ ይዞ ይውላል። የክትር እሾህ ምስጋና ይግባውና ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የአገሩ ሰውም ልማዱን ያውቃል፤ እሾሁን ሳይነቅል፣ እንደተሰካ፣ ቢስክሌቱን እየገፋ ያመጣለታል። የነቀለ ሰው አየሩም ይወጣበታል፣ ቀዳዳውም ይጠፋበታል፣ ከእንግዳው ቁጣም አያመልጥም።

ሥራው ሥርዓት ነበረው። ካላማዳሪውን ነፍቶ ሳፋው ውስጥ እየነከረ ያዞረዋል። አረፋ የወጣበትን ቦታ በጨርቅ ያደርቅና የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ አርሶ በሐምራዊ ክብ ያጥረዋል። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይከባል፣ ከዚያ ቆጥሮ ይለጥፋል። ያ ቀለም አንዴ ከያዘ በሳሙናም አይለቅም፤ ልጥፉ ሲቀመጥበት ነው የሚሸፈነው። ደግሞ አንድ የሚኮራበት ነገር ነበረው። አረፋውን አይቶ ጎማው የት ድረስ እንደሚሄድ ይናገራል። አረፋዋ ሰሊጥ ካከለች ግማሽ ቀን ታስኬዳለች፣ ማሽላ ካከለች ግን ከከተማው ድልድይ አታልፍም ይላል። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ሰው ደግሞ የሚወድቀው በሚኮራበት ነገር ነው።

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ታላቂቱ ልጁ መነን አንድ ነጋዴ ተከትላ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሰው በሰው ከሚመጣ ሰላምታ በቀር አባቷ ዓይኗን አላየም። የቀረችው አሰበች ናት። እሷም ለመምህር ደምለው ታጭታ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። ደምለው ከሞጣ የመጣ፣ ቀጭንና ሳቂታ ልጅ ነው። እንግዳው ይወደዋል፤ አማቹ ሆኖ እዚያው ሸሕዲ ጎጆ ሲወጣ፣ ልጁ ከአጥር ማዶ ሆና "እንዴት አደሩ" ስትለው ይታየዋል።

በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ደምለው በአንድ የውይይት ስብሰባ ላይ ለዘማቾች የተዋጣው ማሽላ የት እንደደረሰ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ግን ቤቱ ሙሉ ሰው እግሩን ማየት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ወዳጁ፣ ስሙ ለውትድርና ከሚሄዱት ዝርዝር ውስጥ እንደገባና ሰኞ ጧት እንደሚወስዱት ሹክ አለው።

ቅዳሜ ጧት ቢስክሌቱን እየገፋ ኒሙ ሥር ደረሰ። ከኋላ ኮርቻው ላይ የመሠረተ ትምህርት ደብተሮች ታስረዋል። የተጣለ የክትር አጥር ላይ ወጥቶበት የኋላ ጎማው ጃርት መስሏል። አጠገባቸው ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ዝቅ ብሎ ነገሩን ሁሉ ነገረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎች ሊፈትን ወደ ኮኪት ስለሚወርድ የኬላው ጠባቂዎች ያውቁታል፤ ቢስክሌቱን ሲያዩ ገመዱን ዝቅ ያደርጉለታል። በእግሩ የሚወርደውን ግን ወዴት ነህ ሳይሉ አያሳልፉም። ኮኪትን ካለፈ መተማ ገብቶ ከገበያተኛው ጋር ድንበሩን ይሻገራል።

"ጋሽ እንግዳው፣ ዛሬ እጅዎን የምፈልገው ለነፍሴ ነው" አለው። "ገዳሪፍ ስደርስ ለአሰበች ሰው እልካለሁ። እስከዚያ አይንገሯት፤ ታለቅሳለች፣ ሰው ይነቃል።"

ከዚህ ሁሉ ንግግር እንግዳው ጆሮ ውስጥ የቀረው ገዳሪፍ የሚለው ብቻ ነበር። ገዳሪፍ አንዷን ወስዳለች። አሁን ደግሞ ሁለተኛዋን ልትጠራ ነው። አሰበች ከተጠራች እንደምትሄድ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ቢሆን ይሄድ ነበር።

እሾሁን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ነፍቶ፣ ነክሮ ከበበ። ስምንት ሆኑ። ስምንተኛዋ አየር ከሚገባበት አፍ አጠገብ ነበረች፤ አረፋዋ ማሽላ አክሏል። ሰባቱን ለጠፈ። ስምንተኛዋ ላይ ሲደርስ የተቆረጠችውን ልጥፍ በጣቶቹ መካከል ይዞ ቆየ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ክፉ ሰውም የሚያስበውን አላሰበም። ያሰበው፣ ድልድዩ ላይ ይተነፍስበታል፣ እየገፋ ይመለሳል፣ ፀሐይም ይከርበታል፤ ነገ እሑድ ነው፣ ሽማግሌ ይዤ የቀበሌው ሊቀመንበር እግር ላይ ወድቄ ስሙን አስፍቃለሁ የሚል ነበር። ሰው ራሱን ሲያታልል አንደበቱ እንዴት ይጣፍጣል! ክቧን በአውራ ጣቱ አሻት። ቀለሙ ተዘረጋ እንጂ አልለቀቀም። ልጥፏን ኪሱ ከተተና ካላማዳሪውን ወደ ጎማው መለሰው።

ሲነፋ ግን ልቡ ራራ። ልጁ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ እንደ ተማሪ ያየዋል። ከልማዱ ሠላሳ ትንፋሽ አስበልጦ፣ ጎማው ድንጋይ እስኪመስል ድረስ ነፋው። ያቺ ርኅራኄ ባትኖር ኖሮ ጎማው ድልድዩ ላይ ይሞት ነበር።

"እስከ መተማ ያደርሰኛል?"

"ያደርስሃል፣ ወንድምዓለም" አለው።

ደምለው ትከሻውን ስሞት ሄደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ግን የእንግዳውን ልጥፍ ማን ይጠረጥራል?

እንግዳው ቀኑን ሙሉ ወደ ድልድዩ ሲያይ ዋለ። እኩለ ቀን ሆነ፣ ሰው አልተመለሰም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ አረፋዋን በደንብ አላየኋት ይሆናል፣ ተሻግሯል አለ። የሚገርመው፣ ደስ አለው። ዕድሜ ልኩን በግምቱ ሲኮራ ኖሮ፣ ተሳስቼ ባገኘሁት ብሎ የተመኘው ያን ዕለት ብቻ ነው።

በማግስቱ ኮኪት ላይ ሻይ የምትሸጠው ኩብራ ከሰሊጥ መኪና ላይ ወረደች፤ ቢስክሌቱንም አወረዱላት። ጎማው የተነፈሰው ኮኪት መግቢያ ላይ፣ ኬላው ሳይደርስ ነው። ደምለው ውሃ በሳፋ ለምኗት ከዳሷ ሥር ካላማዳሪውን አውጥቶ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ ሁለት የጭነት መኪና ሙሉ ታጣቂ መጥቶ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደውን የቀን ሠራተኛ ያፍስ ጀመር። በእግሩ የቆመ ወንድ ሁሉ ተያዘ። ቢስክሌቱ ላይ ቢሆን፣ ደብተሩን አይተው መምህር ነው ብለው ያልፉት ነበር አለች።

"ጓዳዬ ግባ ብለው እንቢ አለኝ" አለች ኩብራ። "ጎማውን ይዞ ዝም ብሎ ያየዋል። ደሞ ትንሽ ሳቀ ወላሂ። ሲወስዱት፣ ይህን ዐጀላ፣ ቢስክሌቱን፣ ለጋሽ እንግዳው አድርሽልኝ፣ ስምንተኛዋን አይቻታለሁ በያቸው፣ ለአሰበች ግን ማወቁ አይጠቅማትም አለኝ። ምን ማለቱ ነው?"

እንግዳው አላውቅም አላት። ወዲያው ወደ መተማ በሚወርድ መኪና ኮኪት ወረደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ የታፈሱት ሌሊቱን ወደ ጎንደር ተጭነዋል።

ለአሰበች ጎማው ፈነዳ ብሎ ነገራት። አልዋሸም ማለት ይቻላል፤ እሱም ለራሱ እንዲያ ሲል ከረመ። ከማሠልጠኛው አንድ፣ ከሰሜን ጦር ግንባር አንድ፣ ሁለት ደብዳቤ መጣ። በሁለቱም መጨረሻ ላይ ጋሽ እንግዳውን ሰላም በይልኝ ይላል፤ ስለ እሱ ሌላ ቃል የለበትም። ቢሰድበው ይቀለው ነበር። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ደብዳቤ አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም።

የፈራው አልደረሰም። አሰበች ገዳሪፍ አልሄደችም፤ ለትዳር የጠየቃትንም ሁሉ እንቢ እያለች ከቤቱ አልወጣችም። እጁን ታስታጥበዋለች፣ እራቱን ታቀርባለች፣ ከራት በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቢስክሌት እያየች ትቀመጣለች። የለመነውን አግኝቶ እንደ እንግዳው የተቀጣ ሰው አላውቅም። አልፎ አልፎ፣ ለምን አይጠግኑትም ትለዋለች። ካላማዳሪው ሞቷል ይላታል። የአገሩን ሁሉ ሙት ካላማዳሪ የሚያስነሳ ሰው ይህን ሲላት ዓይኗን አያይም ነበር።

በስድስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አሰበች የክትባት ሠራተኛ ሆና ለኮኪት መንደሮች ተመደበች። ቢስክሌቱ ይውረድ አለች፤ ብረት ቆሞ ቢጠብቅ ዝገት እንጂ ሌላ አያተርፍም። እንግዳው ከጎንደር አዲስ ካላማዳሪ እስካስመጣልሽ ታገሺ አላት። በማግስቱ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄዶ ቀትር ላይ ሲመለስ ኒሙ ሥር ተቀምጣ አገኛት። ከአባቷ ሣጥን ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ካላማዳሪ አውጥታ ነፍታዋለች፤ በእጆቿ ሳፋው ውስጥ ይዛዋለች። ሰባቱ ልጥፎች ከስድስት ዓመት በኋላም እንዳሉ ናቸው። አየር ከሚገባበት አፍ አጠገብ ማሽላ የምታክል አረፋ ትወጣለች፤ ዙሪያዋን የታሸ ሐምራዊ ክብ አለ።

አሰበች በሕፃንነቷ ታደርግ እንደነበረው ጣቷን ቀዳዳዋ ላይ አድርጋ አረፋውን አቆመችው። የአባቷን ክብ ለማወቅ የማንም እርዳታ አያሻትም፤ ያደገችው እሱን ስትቆጥር ነው።

"አባዬ፣ ይቺን ከበዋት ሳይለጥፏት ቀርተዋል" አለችው፤ ድምጿ ደኅና ነበር። "ረስተዋት ነው?"

የማምለጫውን በር ራሷ ከፍታ ሰጠችው። አዎ ቢላት ያልፍ ነበር፤ ሽማግሌ ይረሳል። ደምለውም አይንገሯት ብሏል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቃል ተጠልሎ ኖሯል፤ ዛሬ ግን ኪሱ ውስጥ እጁን ሲከት ያቺን ያረጀች ልጥፍ ነካት፤ ካንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሲያዛውራት እንጂ ጥሏት አያውቅም። አውጥቶ ከሳፋው ጎን መሬት ላይ አኖረላት።

"አልረሳኋትም" አላት።

አሰበች ልጥፏን አየቻት፤ አባቷን ቀና ብላ አላየችውም። ጣቷንም ከቀዳዳዋ ላይ አላነሳችም።