ሩቅ ያሉት አተሞች

የማማክራት ተማሪዬ ሩሐማ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን በምታቀርብበት ጠዋት አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከሚኖሩበት የሐይቅ ደሴት በጀልባ ተሻግረው ቢሮዬ በር ላይ ጠበቁኝ። ለምርቃት ያሉትን ለስላሳ በሳጥን ተሸክመዋል።

«የልጄ አተሞች ብርዳቸው የጉናን ተራራ ያስንቃል አሉኝ፤ እውነት ነው ዶክተር?»

«ጉና ከእነሱ ጋር ሲተያይ ምድጃ ነው።»

ሳቁ። እኔ ደክሞኝ ነበር። ከጀርመን ስመለስ ቤተ ሙከራ ልከፍት ነበር፤ ያለኝ አንድ ኮምፒውተር ነው። ሩሐማ በእሱ ላይ ከብርሃን በተሠራ ወንፊት ውስጥ የተያዙ ቀዝቃዛ አተሞችን ታሰላለች። እያንዳንዱ አተም ትንሽ ማግኔት ስለሆነ ጎረቤቱም፣ ሩቅ ያለውም ይሰማዋል። በውጤቷ አንዱ ቀዳዳ ሞልቶ ቀጣዩ ባዶ እየሆነ፣ አተሞቹ እንደ ዳማ ጠጠር ተደርድረዋል። ዛሬ ካለፈች እኛው ክፍል መምህርት ትሆናለች፤ ካላለፈች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አባቷ ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ሩሐማ ገባች።

«ዶክተር፣ መብራት ሳይሄድ ስሌቱ እንዲያልቅልኝ ጎረቤት አተሞቹን ብቻ ነበር የማስገባው። ትናንት መብራት ሳይጠፋ ዋለ። ሩቆቹንም ጨመርሁ።»

«እና?»

«ዳማው ፈረሰ። ረድፍ ረድፍ ሆነ።»

መብራቱን ለመቅደም እዚህ ሁላችንም ከስሌት እንቆርጣለን። «ፈታኞቹ አይደርሱበትም» አልኋት። ይህን ለማለት ነው የተመለስሁት?

«ዝም ልበል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

አዳራሹ ውስጥ የዳማውን ሥዕል ስታሳይ ፈታኙ ዶክተር ደሞዝ «ያምራል» አሉ። ሩሐማ ከኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው የተቀመጡትን አባቷን አየች።

«ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም» አለችና ሁሉንም ተናገረች።

ዶክተር ደሞዝ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ጠዋት ነግራኛለች።»

ጥናቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። መሪጌታ በረንዳው ላይ ያዙኝ።

«ወደቀች?»

«አልወደቀችም፤ እንደገና ትሠራዋለች።»

«ሥራውስ?»

«እሱ ሄደ።»

ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጠርሙስ ከፍተው ሰጡኝ። «ይጠጡ፤ ተሸክሜው አልመለስ።»

ሩሐማን ኮምፒውተሩ ጋ አገኘኋት።

«ዶክተር፣ መብራት አለ። ሩቆቹን አስገብቼ ልጀምረው?»

«ጀምሪው።»

ለብ ያለውን ለስላሳ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። መብራቱ እስኪሄድ ከዚያ አልተነሣሁም።