ዳርና ዳሩ የተቆረጠ ሰንጠረዥ

የሒሳብ መምህርቷ ጫማዋን ካወለቀች ቆይታለች። ጠረጴዛው ሥር አንዱ ጫማ ቆሟል፤ ሌላው በጎኑ ተኝቷል። የተኛው አስቀናት። የአራት ክፍል ፈተና አርማ ውጤቱን ለርዕሰ መምህሩ አስረክባለች፤ የቀራት ቤቷ ገብታ መተኛት ብቻ ነው። ለዚያ ግን መጀመሪያ ለጫማው ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። እሱ ነው ያቃታት።

ያረመችው በካርቶን ነው። ትክክለኛው መልስ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ተበስቷል፤ ካርቶኑን መልስ ወረቀቱ ላይ ጣል ታደርገዋለች፣ በቀዳዳው ጥቁር ነጥብ ብቅ ካለ ተማሪው አገኘ፣ ካላለ አላገኘም። መምህራኑ "ወንፊት" ይሉታል። በወንፊት የሚያርም ሰው ጥያቄውን አያነብም።

የመምህራን ክፍሉ በር ተንኳኳ።

"የለንም" አለ የፊዚክሱ መምህር፣ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ ዐይኑን እንደጨፈነ።

የገባችው ተማሪዎቹ "ችኮ" የሚሏት ልጅ ነበረች።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ውጤት ከሆነ ተዘግቷል።"

"አውቃለሁ። አርባ ዘጠኝ ነው ያመጣሁት።" ማለፊያው ሃምሳ ነው። "አክስቴ 'ከደገምሽ ትምህርት የለም፣ እኔ ጋ ስፌት ቤት ትገቢያለሽ' ብላለች። ይሁን። ግን አሥራ ሰባተኛው ላይ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ያሳዩኝ። ሳይገባኝ መርፌ አልይዝም።"

"እሷማ ችኮ ናት" አለ የፊዚክሱ መምህር።

መምህርቷ ከማሳየት ይልቅ መከራከሩ እንደሚያደክማት ገመተችና ፈተናውንና የልጅቷን መልስ ወረቀት ሳበች። ጥያቄው ሰንጠረዥ አስቀምጦ የትኛው ፋንክሽን እንደሚስማማው ይጠይቃል። በኤክስ ረድፍ ኔጌቲቭ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፤ በዋይ ረድፍም ኔጌቲቭ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ።

"ይኸውልሽ፤ የገባው እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ዋይ እኩል ኤክስ፣ መልሱ 'ሀ'። አንቺ 'መ' ብለሻል፤ ኤክስ ኪዩብ። ኪዩብ ማለት ቁጥሩን ሦስት ቦታ ጽፎ ማባዛት ነው። ኔጌቲቭ አንድ በኔጌቲቭ አንድ፣ ፖዘቲቭ አንድ። እሱ ደግሞ እንደገና በኔጌቲቭ አንድ..."

እስክሪብቶው ቆመ።

"ኔጌቲቭ አንድ" አለች ችኮ፣ ለማገዝ ያህል።

"ሰምቻለሁ።"

ዜሮን ሞከረች። ዜሮ መቼም ሰው አስቀይሞ አያውቅም፤ ዜሮ ሆነ። አንድም አንድ ሆነ።

ያኔ ትዝ አላት። ፈተናውን ስታዘጋጅ ሰንጠረዡ ከኔጌቲቭ ሁለት እስከ ሁለት ነበር። ትምህርት ቤቱ ከአንድ ገጽ በላይ አላባዛም ሲላት፣ እንዲበቃላት ዳርና ዳሩን ቆረጠችው። ሁለት ቢኖር ኖሮ አንዱ ፋንክሽን ሁለት፣ ሌላው ስምንት ይሰጥ ነበር፤ ልዩነቱን ማንም ያየው ነበር። አሁን ግን ሁለቱም መልስ ልክ ነው። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ ካርቶን ደግሞ ልብም ዐይንም የለው።

"እና የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?"

መምህርቷ ጫማዎቹን አየች። እዚህ ጋ ብላ የሆነ ነገር ብትጠቁም ልጅቷ አመስግና ትሄድ ነበር።

"አልተሳሳትሽም" አለች። "ሰንጠረዡ ነው የተሳሳተው። ሰንጠረዡ ደግሞ የኔ ነው።"

የፊዚክሱ መምህር አንድ ዐይኑን ገለጠ። "እህት ዓለም፣ የሷን ብቻ አስተካክዪላትና እንረፍ። አራት ክፍል እንደገና ልታርሚ ነው?"

"ሌላው መጥቶ ስላልጠየቀኝ ይደግማል?"

"ያ የኋላ ወንበሩ ቀልደኛ እኮ ከአንድ እስከ መጨረሻ 'መ' እያጠቆረ ነው የወጣው! እሱም ሊያገኝ ነው?"

"ያገኛል።"

"ሳያስብ?"

"እኔስ መች አስቤ አረምኩ?"

እርሳስ መቅረጫውን ምላጭ አንስታ ካርቶኑ ላይ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር 'መ' ጋ፣ ሁለተኛ ቀዳዳ አወጣች። እጇ ስለዛለ ቀዳዳው ተንጋደደ።

"ሃምሳ ነሽ። ሂጂ ለአክስትሽ ንገሪያት።"

ችኮ ግን በሩ ጋ ቆመች።

"አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"'ሀ'ም ታይታኝ ነበር። በጣም ቀለለችብኝ። ቲቸር እንዲህ ቀላል ጥያቄ አይሰጡም ብዬ ተውኳት።"

የፊዚክሱ መምህር ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። መምህርቷ ሳቅም ሳልም አልተረፋትም። ውጤቱን ከርዕሰ መምህሩ ማስመለስ አለባት፤ እሱ ደግሞ መዝገብ ሲዘጋ ፊቱንም አብሮ የሚዘጋ ሰው ነው።

"ምን ልትዪው ነው?" አለ የፊዚክሱ መምህር።

"አንድ ገጽ አልበቃኝም እለዋለሁ።"

ቤቷ ለመሄድ ጎንበስ ማለት ያቃታት መምህርት፣ ርዕሰ መምህሩ ጋ ለመሄድ ጎንበስ አለች። የተኛውን ጫማ ቀድማ ቀሰቀሰችው።